«ፍላሹን ማውጣት ይቻላል» ከማለታችሁ በፊት፦ ማውንት በሚያደርግ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ጥር ሲገባ ባሕር ዳር የሰርግ ከተማ ትሆናለች። ጣና ዳር ዛፎቹ ሥር ሙሽሮች ተራ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ማታ ፎቶ አንሺዎቹ ሚሞሪ ካርዳቸውን ይዘው እኔ ወደምሠራባት ትንሽ ቤት ይመጣሉ። ካርዱ ሪደር ላይ ሲገባ ፎቶውን ወደ ሃርድ ዲስክ የሚገለብጥ፣ ከዚያ የተመረጡትን የደንበኛው ፍላሽ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም በሲ ሠርቼላቸዋለሁ። ሊኑክስ ላይ ነው የሚሠራው። ማውንትም (ዲስኩን ፎልደር ላይ አያይዞ መክፈት) አንማውንትም (ማላቀቅ) የሚያደርገው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው የለም። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ለምትጽፉ፣ ሰው ንብረት ላይ ጉዳት ከሚያደርሰው ስህተት ልጀምር።

አንማውንት ስታደርጉ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ አንዳንዴ «ኢቢዚ» የሚል ስህተት ይመልሳል። ፋይል ሲስተሙ (የዲስኩ የፋይል አደረጃጀት) ተይዟል ማለት ነው። ወይ አንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) እዚያ ውስጥ ፋይል ከፍቷል፣ ወይ የሚሠራበት ፎልደር እዚያ ውስጥ ነው። እኔ መፍትሔ ብዬ ያደረግሁት «ዩማውንት2» ለሚባለው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት ጥሪ) ዲታች የሚባለውን ፍላግ (የአሠራር ምርጫ) መስጠት ነበር። ስህተቱ ወዲያው ጠፋ። ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የአንዲት ሙሽራ እህት ፍላሽ ልትወስድ መጣች። ስክሪኑ «ፍላሹን ማውጣት ይቻላል» አለ፤ ልጅቷም አወጣችው። ቤት ወስደው ሲያዩት ግማሹ ፎቶ አይከፈትም። ዋናው ቅጂ ሃርድ ዲስኩ ላይ ስለነበረ እንደገና ጻፍንላቸው። ግን እናትየዋ ፍላሹን ጨብጠው ሲገቡ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስካሁን አይረሳኝም።

ዲታች ፋይል ሲስተሙን ከፎልደሮቹ ዛፍ ላይ ይነቅለዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አዲስ ፋይል የሚከፍት የለም። ቀድሞ የከፈተው ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ እውነተኛው አንማውንት የሚፈጸመው የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲለቅ ነው። ሲስተም ኮሉ ግን ያንን ሳይጠብቅ ዜሮ መልሷል። ወደ ዘጌ የሄደች ጀልባ ሰው ጭና ሐይቁ መሐል ሳለች፣ ወደቡ ላይ ካለው ደብተር «ገብታለች» ብሎ ስሟን እንደመሰረዝ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ማን እንደያዘው መፈለግ ነው። የእኔን የያዘው ትንንሽ ፎቶ የሚያዘጋጀው፣ ፕሮግራሜ ራሱ ያስነሳው ልጅ ፕሮሰስ ነበር። ወላጁ የከፈተውን ፋይል ሳያውቀው ወርሶ ይዞታል። ፋይል ስትከፍቱ ክሎዝ-ኦን-ኤግዜክ የሚለውን ፍላግ (ልጁ ሌላ ፕሮግራም ሲያስነሳ ፋይሉን የሚዘጋውን) ስጡ፣ ፕሮግራማችሁም የሥራ ፎልደሩን ከፍላሹ ላይ ያንሳ። ከዚያም «ኢቢዚ» ከመጣ ትንሽ ጠብቃችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩ። እምቢ ካለ ለደንበኛው እውነቱን ንገሩት፦ «ገና ነው፣ አይንቀሉት።» ፎርስ የሚባለውን ፍላግም መድኃኒት አድርጋችሁ አትዩት። የሚሠራው ለጥቂት ፋይል ሲስተሞች ነው፤ በተለይ ሰርቨሩ ለጠፋበት የኔትወርክ ዲስክ። ዳታም ሊያጠፋ ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ራይት የሚባለው የመጻፊያ ጥሪ ዜሮም ሆነ አሉታዊ ቁጥር ሳይሆን የባይቱን ልክ መለሰ ማለት ዳታው ፍላሹ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። የደረሰው የከርነሉ ሚሞሪ ላይ ነው። ማንም ካልነካው ሊኑክስ ያልተጻፈ ዳታን 30 ሴኮንድ ገደማ ሊያቆየው ይችላል። ፍላሹ ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ጽፎ መጨረሱ ከዚያም ይረዝማል። እዚህ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ ኮፒው እንዳለቀ «ሲንክ ኤፍኤስ» የሚባለውን፣ ዳታው ፍላሹ ላይ እስኪጻፍ የሚጠብቀውን ሲስተም ኮል ጥሩ፣ የመለሰውንም አንብቡ። የስክሪኑ ቁጥር 100 ከመቶ የሚለው ከዚያ በኋላ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ማውንቱ። ማውንት ሲስተም ኮል የመለሰውን ሳያዩ ማለፍ ቀላል ጥፋት ይመስላል። ጉዱ የሚታየው ሲዘገይ ነው። የኋላ ቅጂ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ኬብሉ ላልቶ ማውንቱ ከሸፈ እንበል። ፎልደሩ ግን አለ፤ ተራ ባዶ ፎልደር ነው። ፕሮግራሙ ምንም ሳይመስለው ፎቶውን እዚያ ይገለብጣል፤ ማለትም ዋናው ሲስተም ያለበት ዲስክ ላይ። ያ ዲስክ ሞልቶ ማሽኑ ይቆማል። ባይሞላ ደግሞ የባሰ ነው፦ ነገ ሃርድ ዲስኩ በደንብ ማውንት ሲደረግ የትናንቱ ፎቶ ከሥሩ ይሸፈናል። አልጠፋም፣ ግን አይታይም። ሰው «ፎቶዬ የታለ?» ሲል ምን ትመልሳላችሁ?

የተመለሰውን ቁጥር ከማየት በተጨማሪ እኔ ባዶውን ፎልደር ማውንት ሳይደረግ በፊት «ቻትር» በሚባለው ትእዛዝ የማይለወጥ አደርገዋለሁ። ፈቃድ መከልከል ብቻ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ስለሚሠራ ያልፈዋል። የማይለወጥ የተባለ ፎልደር ውስጥ ግን ሩትም አይጽፍም። ዲስኩ ከላዩ ሲመጣ ደግሞ ምንም አያግድም።

ቤቱ የራሱ የሆነውን ዲስክ «ኤስዲቢ1» እያላችሁ አትጥሩት። ይሄ ስም የመጣበት ተራ እንጂ የዲስኩ መታወቂያ አይደለም። ሁለት ሪደር ከተሰካ በኋላ ማሽኑ ቢነሳ የፎቶ አንሺው ካርድ ስሙን ሊወስደው ይችላል። በዩዩአይዲ፣ ማለትም በራሱ በፋይል ሲስተሙ መለያ ቁጥር፣ ጥሩት።

ተርሚናል ላይ የለመደ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ይሄን ነው። የማውንት ትእዛዝና የማውንት ሲስተም ኮል አንድ አይደሉም። ትእዛዙ የፋይል ሲስተሙን ዓይነት ራሱ ያውቃል፣ በኮማ የተሰጠውንም ጽሑፍ ይተረጉማል። ሲስተም ኮሉ አምስት ነገር ይቀበላል፦ ምንጩን፣ ቦታውን፣ ዓይነቱን፣ ፍላጎቹን፣ የመጨረሻውን ደግሞ ለፋይል ሲስተሙ ብቻ የሚተላለፍ ዳታ። ኖኤግዜክ (ዲስኩ ላይ ያለ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው) ፍላግ ነው። በዳታው ቦታ ጽሑፍ አድርጋችሁ ብትሰጡት ፋይል ሲስተሙ አያውቀውምና «ኢንቫል» (የተሰጠው ልክ አይደለም) ብሎ ይመልሳል፤ የቱ እንዳላስደሰተው አይነግራችሁም። ከሊኑክስ 5.2 ጀምሮ ያለው አዲሱ መንገድ፣ በኤፍኤስ-ኦፕን የሚጀምረው፣ የስህተቱን ማብራሪያ በጽሑፍ ለማንበብ ያስችላል። አዲስ ፕሮግራም የምትጀምሩ ከሆነ እሱን እዩት።

የሰው ፍላሽ ስትከፍቱ ኖሱይድ (ፕሮግራም በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን እንዳይሠራ የሚከለክል)፣ ኖዴቭ (የመሣሪያ ፋይሎች እንዳይሠሩ የሚከለክል) እና ኖኤግዜክ ሦስቱም ይኑሩ። ፎቶ አንሺው የሚያመጣው ካርድ ላይ መጻፍ ስለማያስፈልገን እኛ ለማንበብ ብቻ ነው የምንከፍተው። ሪማውንት ስታደርጉ፣ ማለትም ማውንት የሆነውን ዲስክ ፍላጎች ስትቀይሩ፣ ተጠንቀቁ። «ለማንበብ ብቻ» የሚለውን ፍላግ ለብቻው ከሰጣችሁ፣ ቀድሞ የነበረው ኖሱይድና ኖኤግዜክ ይነሳል። ሁሉንም ደግማችሁ ስጡ። ባይንድ ማውንትም፣ ማለትም ያለ ፎልደርን ሌላ ቦታ ላይም እንዲታይ ማድረግ፣ እንዲሁ ያታልላል፦ የመጀመሪያው ጥሪ ላይ «ለማንበብ ብቻ» ብትሉት ዝም ብሎ ይተወዋል፤ የሚሰማው በሁለተኛው፣ በሪማውንቱ ጥሪ ነው።

የማውንት ኔምስፔስ (አንድ ፕሮሰስ የሚያያቸው ማውንቶች ስብስብ) ለይታችሁ የምትሠሩም ካላችሁ፣ ማሽኑ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ሩቱን፣ ማለትም የፎልደሮቹን ዛፍ ሥር፣ ሼርድ (ማውንቱ ለሌሎችም የሚተላለፍ) እንደሚያደርገው እወቁ። ለይቻለሁ ብላችሁ ያደረጋችሁት ማውንት ለሁሉም ይታያል። መጀመሪያ ሩቱን በሥሩ ካሉት ሁሉ ጋር ፕራይቬት (የማይተላለፍ) አድርጉት።

የተደረጉትን ማውንቶች ለማወቅ ደግሞ ፕሮክ በሚባለው የከርነሉ መረጃ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ማውንትኢንፎ» አንብቡ። እዚያ ውስጥ ክፍት ቦታ «\040» ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ፎልደሮች በካርዱ ስም ስለሚሰየሙና ፎቶ አንሺዎች ደግሞ በስማቸው መሐል ክፍት ቦታ ስለሚተዉ፣ ይህንን ሳልፈታ ያነበብኩ ጊዜ ፕሮግራሙ ማውንት የሆነውን ካርድ «የለም» ብሎ ሁለተኛ ጊዜ ከላዩ ማውንት ሊያደርግበት ሞክሯል። ያው ካርድ እዚያው ፎልደር ላይ ስለነበረ ከርነሉ «ኢቢዚ» ብሎ ከልክሎታል።