ባንዲራ ከመስቀላችሁ በፊት፦ ማን ያወርደዋል?

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «ኮከቡ በየት በኩል ነው የሚሆነው?» «በረንዳ ላይ ወደ ታች ባንጠለጥለው ችግር አለው?» «የአምናው ትንሽ ነጥቷል፣ ይሆናል?» ጎረቤትም ዘመድም ይጠይቀኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተማሪ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ከሚሰቅሉት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ያን ጊዜ የያዝኩት ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ የትም ስሄድ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ባንዲራው ላይ ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ስለሚከበር ጥያቄው ሁሉ በዚያ ሰሞን ይጎርፋል። ዘንድሮ ለሁሉም በአንድ ላይ ልጻፈው ብያለሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ባንዲራ እንወዳለን። አትሌት ሲያሸንፍ ባንዲራው ከፍ ሲል እያየን የምናለቅስ ሰዎች ነን። አያያዛችን ግን ከፍቅራችን ጋር አይመጣጠንም። ለዓድዋ በዓል የተሰቀለው እስከ ፋሲካ ፀሐይና አቧራ ሲፈራረቅበት ይከርማል፣ ጠርዙ ተተልትሎ፣ ገመዱ ላይ ተጠምጥሞ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ለመስቀል ሁሉም ይሽቀዳደማል፣ ማውረድ ግን የማንም ሥራ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ ገመዱን ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደሚያወርደውና መቼ እንደሚያወርደው ወስኑ። ግቢ ውስጥ ከሆነ ጥበቃው ይሁን፣ ቤት ከሆነ ከልጆቹ አንዱ ይሁን፣ ብቻ በስም የሚታወቅ ሰው ይኑር።

ስለ ስሙ ባጭሩ። ሰንደቅ የሚባለው ዘንጉ ነው፣ ዓላማ የሚባለው ምልክቱ፣ ጨርቁ። «ባንዲራ» ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ በዚህ ምክንያት ደስ የማይላቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ እረዳቸዋለሁ። እኔ ግን እናቴ ባንዲራ ስትል ስለሰማሁ ባንዲራ እላለሁ።

ቀለሞቹን ሁሉም ያውቃል፣ ትርጉማቸው ላይ ግን እንደ ዘመኑ ይለያያል። አያቶቻችን ከማርያም መቀነት፣ ከኖኅ ቃል ኪዳን ጋር ያያይዙት ነበር። አሁን ያለው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ፣ ቁጥር 654/2001፣ አረንጓዴውን የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት፣ ቢጫውን የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት፣ ቀዩን ለነፃነትና ለእኩልነት የሚከፈል መስዋዕትነትና የጀግንነት ምልክት ይለዋል። ከመሐል ያለው ሰማያዊ ክብ ሰላምን፣ ኮከቡ የብሔር ብሔረሰቦችንና የሕዝቦችን እኩልነትና አንድነት፣ ጨረሮቹ ብሩህ ተስፋን ያመለክታሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አረንጓዴው ከላይ ነው። ይሄን መጻፍ ያስፈልጋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያስፈልጋል። አንድ የምርቃት በዓል ላይ፣ ሙሉ አዳራሽ ሰው በተቀመጠበት፣ ቀዩ ከላይ ሆኖ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲቆይ አይቻለሁ። ከኋላ ተነስቼ ለአስተናባሪው ሹክ አልኩት፣ «አሁን ብናስተካክለው ሰው ያይብናል» አለኝ። ሰውማ እያየ ነበር። ኮከብ የሌለበትን ባንዲራ ገልብጣችሁ ብትሰቅሉት የቦሊቪያ ባንዲራ ይሆናል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው የእነሱ። ኮከብ ካለበት ደግሞ ኮከቡን እዩት፣ አንዱ ጫፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማመልከት አለበት። ወደ ታች ካመለከተ ተገልብጧል ማለት ነው። ከመድረክ ጀርባ የሚሰቅለው ሰው ቅርብ ስለሚሆን ላያየው ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ሰው አዳራሹ ጫፍ ሄዶ ቆሞ ይይ። ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ታች ማንጠልጠል። ሰው በረንዳ ላይ፣ ፎቅ ላይ በቁመቱ ማውረድ ይወዳል፣ ረጅም ሆኖ ሲታይ ያምራል። ችግሩ ይሄ ነው፦ ሦስቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቆሙና አረንጓዴው ከተመልካቹ በስተግራ ሲሆን የማሊ ባንዲራ ይሆናል፣ ቀዩ በስተግራ ከሆነ ደግሞ የጊኒ። ቀለሞቹ የተመሳሰሉት በአጋጣሚ አይደለም። ጋና በ1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነፃ ስትወጣ እነዚህን ቀለሞች የወሰደችው ኢትዮጵያን አይታ ነው፣ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ፣ ይሄ የሚያኮራ ነገር ነው። ግን የራሳችንን ስንሰቅል የራሳችንን እንስቀል። ስለዚህ ቦታ ካለ በወርዱ አግድም ዘርጉት። የግድ በቁመት ከሆነ የተለመደው አሰቃቀል አረንጓዴውን ከተመልካቹ በስተግራ ማድረግ ነው፣ ኮከቡ ግን በጎኑ ይተኛባችኋል። ለቁመት ተብሎ፣ ኮከቡ ቀጥ ብሎ የተሰፋ ማዘዝ ይሻላል።

ስትገዙ መጠኑን እዩ። ቁመቱ አንድ ከሆነ ርዝመቱ ሁለት ነው። ገበያ ላይ ወደ ካሬ የተጠጉ አሉ፣ ቀለማቸውም አንዳንዴ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ፣ ቢጫው ወደ ብርቱካን የሄደ ነው። ሱቁ ውስጥ ባለው መብራት አትመኑ፣ ደጅ አውጥታችሁ በፀሐይ እዩት። ሦስቱ ቀለሞች ስፋታቸው እኩል መሆን አለበት፣ በጣታችሁ ለኩት። ውጭ የሚውል ከሆነ ፖሊስተር ይሻላል፣ ዝናብ ቢመታውም ቶሎ ይደርቃል። ጥጡ ለቤት ውስጥ ነው። በነፃው ጫፍ በኩል ጠርዙ ድርብ ስፌት ይኑረው፣ መተልተል የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሲጀምር ወዲያው አሰፉት፣ የልብስ ሰፊ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ኮከቡ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ባንዲራው ከመሐሉ ብሔራዊ ዓርማ እንዳለው ይደነግጋል፣ ዓርማው በ1988 ዓ.ም. ገባ፣ አዋጁ ደግሞ ያለ ዓርማ መጠቀምን ይከለክላል። አገር ውስጥ ላለ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴልና ሱቅ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ኮከብ ያለበት። ልሙጡን የሚወድ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ አንበሳ ያለበትንም እንደዚያው፣ በተለይ ውጭ አገር። እያንዳንዱ ጨርቅ ጀርባ የአንድ ሰው ታሪክ አለ፤ አባቱ በየትኛው ሥር እንደተዋጋ፣ በየትኛው ሥር እንደተሰደደ። ውጭ ያላችሁ የምትይዙት ምን ብሎ እንደሚናገር አውቃችሁ ያዙ። ሰው ቤት፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ ግን ባለቤቱ የሰቀለውን ለመንቀል አትነሱ፣ ክርክሩ ሌላ ቀን ይደርሳል። ለቅሶ ቤት ውስጥ በባንዲራ የተነሳ ሁለት ወንድማማቾች ሲኮራረፉ አይቻለሁ፣ እስካሁንም ልቤን ያመኛል።

አሰቃቀሉ። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ሲወጣ ቶሎ ቶሎ፣ ሲወርድ ቀስ ብሎ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ገመዱን ይስባል፣ ሌላው ጨርቁን በሁለት እጁ ይዞ መሬት እንዳይነካ ይጠብቃል። እኛ ልጆች ሳለን የምንፈራው ይሄን ነበር፣ መሬት መንካቱን። ሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ነበር። ማታ ፊሽካ ሲነፋ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል። አህያ የሚነዳው፣ እንጀራ የተሸከመችው፣ ኳስ የሚያባርረው ልጅ፣ መኪናው ሳይቀር። የጎረቤታችን አርበኛ፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይይዙ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ላይ ባንዲራው ተመልሶ ሲሰቀል ከነበረው ትውልድ ናቸው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ተደብቆ የቆየ ጨርቅ ሲወጣ ምን እንደሚሰማ እኛ አናውቅም። ዛሬ በትልልቅ ከተሞች የሚቆም ሰው እያነሰ ነው። እናንተ ቁሙ። ከጎናችሁ ያለው ልጅ አይቶ ይቆማል።

ሐዘን ሲሆን ዝቅ ብሎ ይውለበለባል። ይሄ በየግላችን የምናውጀው አይደለም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን እንዳወጀው በአዋጅ የሚሆን ነው። አደራረጉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከታች አንስታችሁ ግማሽ ላይ አታቁሙት። መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይውጣ፣ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ይውረድ። ማታም ስታወርዱት እንደገና እስከ ጫፍ አድርሳችሁ ነው። የሐዘኑ ቀናት ሲያልቁም ወደ ቦታው መልሱት፤ ሳምንት ሙሉ ግማሽ ላይ ተረስቶ የቀረ አውቃለሁ።

ከሌላ ባንዲራ ጋር ሲሆን። ከክልል ባንዲራ ጋር ከሆነ የአገሪቱ ባንዲራ የክብር ቦታውን ይይዛል፦ ሁለት ከሆኑ ከተመልካቹ በስተግራ፣ ሦስት ከሆኑ መሐል። ከሌላ አገር ጋር ከሆነ እኩል ቁመት፣ እኩል ስፋት፣ በየራሳቸው ዘንግ። አንዱን አገር ከሌላው በላይ መስቀል ነውር ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ የአገሩ ደንብም ይሄንኑ ይላል፣ የእነሱ ባንዲራ ግን ከተመልካቹ በስተግራ ይሆናል፣ መጀመሪያ ወጥቶ መጨረሻ ይወርዳል። ማታም ውጭ የሚያድር ከሆነ መብራት ይኑረው። ሳውዲ ያላችሁ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ፣ የሳውዲ ባንዲራ ላይ የእምነት ቃል ስለተጻፈበት ለሐዘን እንኳ ዝቅ አይልም። ቲሸርት ላይ አታሳትሙት፣ መቀመጫ ላይ አታንጥፉት፣ መሬት አታስነኩት።

ስለ ልብስ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ቀለሞቹና ባንዲራው ይለያያሉ። ጥለቱ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሆነ ነጠላ፣ የእጅ አምባር፣ የልጅ ሹራብ፣ ሁሉም ያምራል፣ ልበሱት። ባንዲራውን ራሱን መቅደድና ቀሚስ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። የጠረጴዛ ልብስ አይሆንም፣ ወጥ ይንጠባጠብበታል። በማርከር ስምና መፈክር አይጻፍበትም፣ አዋጁም ይከለክላል። በ2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ከተማው በባንዲራ ተጥለቅልቆ ነበር፣ እኔም ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስሮጥ አመሸሁ። ትከሻ ላይ መጣል ደስታ ነው፣ ምንም አይደለም። ላብ መጥረግ፣ የመኪና መቀመጫ ላይ መጣል፣ ሲመሽ አጥር ላይ ትቶ መሄድ ነው የሚያሳዝነው። በማግስቱ ጠዋት መንገድ ላይ የተረገጡ ሦስት አግኝቼ አጥቤ አስቀመጥኳቸው።

እጠቡት፣ አዎ፣ ይታጠባል። በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለብቻው፣ ቀዩ እንዳይለቅ። እርጥብ አትጠፉት። ሲደርቅ በወርዱ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በርዝመቱ እጠፉና ንጹሕ ቦታ አኑሩት። እኔ ከጋቢዎቹ ላይ ነው የማኖረው።

ሲያረጅ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፣ ወለል መወልወያም አይሆንም። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፦ ጠዋት፣ ግቢው ጸጥ ሲል፣ ከሰል አያይዤ አጥፌ አቃጥለዋለሁ፣ አመዱን ጽጌረዳው ሥር እቀብራለሁ። ልጄ አምና ከጎኔ ቆማ ነበር። አዲሱን የሰቀለችው እሷ ናት። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ማንም ሳይነግራት ወጥታ አወረደችው።