ስዊፐራችሁን ቶሎ አታውጡት፦ በሴትአፕ ስዊፐር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ የፖኬሞን ተጫዋቾች የተሸነፉበትን ውጊያ ሪፕሌይ (የውጊያውን ቅጂ) ይልኩልኛል። «የት ጋ ነው የተበላሸብኝ?» ይላሉ። ደስ እያለኝ ከመጀመሪያው ተራ ጀምሬ አየዋለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ዓይነት ጥፋት በተደጋጋሚ ስላየሁ ይህን ልጽፍ ተነሳሁ።

ሴትአፕ ስዊፐር የምንለው አንድ ሁለት ተራ ሳይመታ ኃይሉን የሚያሳድግ፣ ከዚያ የተጋጣሚን ቡድን አንድ በአንድ የሚጠርግ ፖኬሞን ነው። ስዎርድስ ዳንስ የሚባለው ሙቭ (ፖኬሞን በተራው የሚያደርገው ድርጊት) የአካል ጥቃትን በአንድ ተራ እጥፍ ያደርጋል። ድራጎን ዳንስ ጥቃትንም ፍጥነትንም 1.5 ጊዜ ያሳድጋል። የማወራው ስለ ስድስት ለስድስት ነጠላ ውጊያ ነው። በጥንድ ውጊያ ሁለት ተጋጣሚ በአንድ ተራ ስለሚመታችሁ ነገሩ ሌላ ነው።

ቶሎ ማውጣት

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እዚህ ጨዋታ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

የማየው እንዲህ ነው። ውጊያው ይጀመራል። ሦስተኛው ተራ ላይ ድራጎን ዳንስ ያለው ድራጎናይት ይገባል። ይደንሳል። ተጋጣሚው ዶንዶዞን ያስገባል። ልጁ ግራ ይገባውና ድጋሚ ይደንሳል። ይመታል፣ ዶንዶዞ ንቅንቅ አይልም። ዶንዶዞ አንአዌር የሚባል ችሎታ አለው። ሲመታ የመቺውን ጭማሪ ከነጭራሹ አይቆጥርም። አንድ ጊዜ ደነሳችሁ፣ ስድስት ጊዜ ደነሳችሁ፣ ለእሱ ያው ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ዶንዶዞ ተደብቆ አለመምጣቱ ነው። ውጊያው ሳይጀመር የተጋጣሚ ስድስቱም ፖኬሞኖች ይታያሉ! እባካችሁ እዚያች ገጽ ላይ ቆም በሉ። «ከእነዚህ ስድስት ውስጥ የእኔን ስዊፐር የሚያቆመው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። የቀሩት አምስት ፖኬሞኖቻችሁ ሥራ ያንን አንዱን ማስወገድ ወይም ማድከም ነው። ዶንዶዞ ከሆነ በቶክሲክ መርዙት፣ ደጋግሞ እንዲገባ አስገድዱት። ስካርሞሪ ከሆነ ዊርልዊንድ ይዞ ይጠብቃችኋል። አንዴ ካነፈሰበት ስዊፐራችሁ ተገፍቶ ይወጣል፣ ያጠራቀመውም ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ስካርሞሪ ብረት ስለሆነ ማግኔት ፑል ያለው ማግኔዞን ይዞ ያስቀረዋል፤ መቀየር ሳይችል በመብረቅ ይመታል። ከዚያ በኋላ ነው ስዊፐሩ የሚወጣው።

አስረኛው ተራ ላይ ይሁን፣ ሃያኛው ላይ ይሁን፣ ችግር የለውም። ታገሱ።

የተሳሳተ ሰው ፊት መደነስ

ጊዜው ደርሶም ቢሆን ማን ፊት እንደምትደንሱ ምረጡ። አጥብቆ የሚመታችሁ ፖኬሞን ፊት አይደነስም። ተንደር ዌቭ ያለው ፊትም አይደነስም፤ ፍጥነታችሁን በግማሽ ይቀንሰዋል። ዊል ኦ ዊስፕ ያለው ካቃጠላችሁ ደግሞ የአካል ምታችሁ በግማሽ ይወርዳል። ኤንኮር ያለው ካገኛችሁ ለሦስት ተራ ያንኑ ዳንስ ብቻ እየደገማችሁ ትቆያላችሁ።

ታዲያ መቼ ነው? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የተጋጣሚ ጋርቾምፕ ቾይስ ስካርፍ አድርጓል። ስካርፍ ፍጥነት ይጨምራል፣ ግን በመጀመሪያ በመረጠው ሙቭ ላይ ይቆልፈዋል። ጋርቾምፕ በኧርዝኩዌክ አንዱን ፖኬሞናችሁን ጣለ። አሁን ድራጎናይት ያለ ምንም ጉዳት ይገባል። በራሪ ስለሆነ ኧርዝኩዌክ አይነካውም። ጋርቾምፕ ያንን ሙቭ ለመተው መውጣት አለበት። ሲወጣ እናንተ ትደንሳላችሁ። ነፃ ተራ ማለት ይህ ነው። እንዲህ ያለ ተራ በአንድ ውጊያ ሁለት ጊዜ ላይመጣ ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ዳንስ

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ተጋጣሚዬ ሦስት ፖኬሞን ቀርቶታል። እኔ አራት። ድራጎናይቴ አንዴ ደንሷል፣ ኤችፒው (የሕይወት ነጥቡ) ግማሽ ላይ ነው። ከፊቱ ያለው የቆሰለ ፖኬሞን በአንድ ምት ይወድቅ ነበር። እኔ ግን «ለማረጋገጥ» ብዬ ድጋሚ ደነስኩ። በዚያችው ተራ ተጋጣሚዬ ዲቶን አስገባ። ዲቶ ሲገባ የፊቱን ፖኬሞን ይገለብጣል፤ ሙቮቹን ብቻ ሳይሆን የዳንሱን ጭማሪ ጭምር። ስካርፍም አድርጎ ነበር። ያጠራቀምኩት ሁሉ በአንዴ ወደ እኔ ዞረ። በራሴ ኤክስትሪም ስፒድ (ቀድሞ የሚያርፍ ምት) ድራጎናይቴን ጣለው፣ ከዚያ የቀሩትን ሦስቱን ጠረገ። ዲቶ ከመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ነበር። አይቼው ነበር። ረሳሁት።

ሒሳቡም ተጨማሪ ዳንስን አይደግፍም። የመጀመሪያው ድራጎን ዳንስ ጥቃትን ከ1 ወደ 1.5 ያደርሳል፣ ግማሽ ጨመረ ማለት ነው። ሁለተኛው ከ1.5 ወደ 2 ነው፤ ጭማሪው ሲሶ ብቻ። ሦስተኛው ከዚያም ያነሰ ነው። የሚበቃችሁን ካገኛችሁ ምቱ። የሚበቃው ስንት እንደሆነ የዳሜጅ ካልኩሌተር (የምትን ጉዳት የሚያሰላ መሣሪያ) ይነግራችኋል።

ፍጥነትን በግምት መያዝ

«ከደነስኩ በኋላ ሁሉንም እቀድማለሁ» የሚል ሰው ቁጥሩን አላየም። በደረጃ 100 ላይ ፍጥነቱ እስከ ጫፍ የሠለጠነ ጆሊ (ፍጥነት የሚጨምር ባሕርይ ያለው) ድራጎናይት 284 አለው። አንዴ ሲደንስ 426 ይሆናል። ፈጣኑ ድራጋፑልት 421 ነው። በአምስት ነጥብ ቀደማችሁት! ያው ድራጎናይት አዳማንት (ጥቃት የሚጨምር ባሕርይ ያለው) ቢሆን ግን ከዳንስ በኋላም 388 ላይ ይቀራል፣ ድራጋፑልትም ይቀድመዋል። ያ ስካርፍ ያደረገው ጋርቾምፕ ደግሞ ጆሊ ከሆነ 499 ስለሚደርስ ሁለቱንም ይቀድማል። አዳማንት መጥፎ ነው አላልኩም፤ በኤክስትሪም ስፒድ ለሚመካ ድራጎናይት እንዲያውም ጥሩ ነው። ግን የምትቀድሙትንና የማትቀድሙትን በስም እወቁ።

ስቴልዝ ሮክን መርሳት

ስቴልዝ ሮክ ተጋጣሚ በእናንተ በኩል የሚበትነው፣ የሚገባውን ፖኬሞን የሚጎዳ ድንጋይ ነው። ቮልካሮና የነፍሳትም የእሳትም ዓይነት ስለሆነ በገባ ቁጥር ድንጋዩ ግማሽ ኤችፒውን ይወስድበታል። ሁለት ጊዜ ገባ፣ አለቀ። ድራጎናይት ሩቡን ያጣል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ መልቲስኬሉ ይጠፋል። መልቲስኬል የምትን ጉዳት በግማሽ የሚቀንሰው ኤችፒው ሙሉ ሲሆን ብቻ ነዋ። ከድንጋዩ የሚከላከለው ዕቃ ሄቪ ዲዩቲ ቡትስ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ አድርጉለት። ለሌላ ዕቃ ቦታውን ከፈለጋችሁት ደግሞ ድንጋዩን የሚያነሳ ሙቭ፣ ራፒድ ስፒን ወይም ዲፎግ፣ ያለው ጓደኛ ይኑረው።

ቀድሞ የሚያርፍ ምት

አይስ ሻርድ ፍጥነት አይጠይቅም፣ ድራጎናይትን ደግሞ አራት እጥፍ ይመታዋል፤ ማሞስዋይን ወይም ዊቫይል ካያችሁ መጀመሪያ እነሱን አስወግዱ።

ለመጨረሻ ብሎ ማስቀረት

ቶሎ አታውጡ ስላልኩ አንዳንዱ ጭራሽ አያወጣም። አምስቱ ወድቀው ስዊፐሩ ብቻውን ሲቀር ነፃ መግቢያም፣ የሚደግፈውም የለም። ኪንጋምቢት ግን የተለየ ነው። የወደቀ ጓደኛ በበዛ ቁጥር ጥቃቱ በ10 በመቶ እያደገ እስከ 50 ይደርሳል፤ ቀድሞ የሚያርፍ ሰከር ፓንች ስላለውም ዝግታው ብዙ አይጎዳውም። እሱን ለመጨረሻ ያስቀመጠ አላጠፋም። ተጋጣሚው ካላጠቃ ሰከር ፓንች እንደሚከሽፍ ግን አትርሱ።

ሁለት ስዊፐር ያላችሁ ደግሞ አንዱን ለሌላው ለመሰዋት አትሳሱ። በአንድ ግንብ ፖኬሞን የሚቆሙ ሁለት ጠራጊዎች ጥሩ ጓደኛሞች ናቸው። የመጀመሪያው ግንቡን ግማሽ አድርሶት ይውደቅ። ሁለተኛው በቀረው ግማሽ በኩል ያልፋል።

ሪፕሌይ ስትልኩልኝ ስዊፐሩ የገባበትን ተራ ቁጥር አብራችሁ ጻፉልኝ። ከዚያ ጀምሬ አየዋለሁ።