አልፈታ ያለ የዘይት ፊልትሮን ቤት ውስጥ ማውጣት

ዘይት ሲቀይሩ መጀመሪያ መላላት ያለበት የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ማፍሰሻ ቡሎን ሳይሆን ፊልትሮው ነው፤ ዘይቱ የሚፈስሰው ፊልትሮው ከላላ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ዘይቱን አፍስሶ ከጨረሰ በኋላ ወደ ፊልትሮው ይዞራል። ያኔ አልፈታ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ፊልትሮውን አስቀድመው ከሞከሩትና እምቢ ካለ ግን ዘይቱ ገና ሞተሩ ውስጥ ስለሆነ፣ የፊልትሮው ቆርቆሮ እስካልተበሳ ድረስ ጋራዥ ድረስ ነድተው መሄድ ይችላሉ። ከታች ያሉት ዘዴዎችም በዚሁ ሐሳብ የተደረደሩ ናቸው፤ መኪናውን ከመንገድ የሚያስቀረው ዘዴ መጨረሻ ላይ ነው የተቀመጠው።

የምንናገረው እንደ ቪትዝና እንደ ቀድሞዎቹ ኮሮላዎች ባሉት መኪኖች ላይ ስለሚገኘው፣ ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ስለሚወጣው የቆርቆሮ ፊልትሮ ነው።

ለምን ይጣበቃል?

የሚይዘው ፊልትሮው የሚጠመዘዝበት ጥርስ አይደለም። ጥርሱ ሁልጊዜ በዘይት ውስጥ ስለሚኖር አይዝግም። የሚይዘው በፊልትሮው አፍ ዙሪያ ያለችው ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ናት። ሲገጠም ዘይት ሳይቀባት በደረቁ ከታሰረች፣ ወይም በእጅ መታሰር ሲገባው በመፍቻ ከተጠበቀ፣ ሞተሩ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ከሞተሩ ብረት ጋር እየተጣበቀች ትደርቃለች። የመቀየሪያ ጊዜው ባለፈ ቁጥርም ይብሳል።

ደብሊውዲ-40 መርጨት እምብዛም የማይጠቅመውም ለዚህ ነው። ጎሚኒዋ የተጫነችበት ቦታ ውስጥ አይገባም፤ ይልቁንም ቆርቆሮውን አሙልጮ እጅዎን ያስቸግራል። በእሳት ማሞቅ ደግሞ ዘይትና ነዳጅ ባለበት ቦታ ፈጽሞ አይሞከርም።

ከመጀመርዎ በፊት

ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያስነሱና ያጥፉት። ለብ ያለ ሞተር ጎሚኒዋን ያለሰልሳል። ከረጅም ጉዞ የተመለሰ መኪና ከሆነ ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ፊልትሮው ብዙ ጊዜ ከጭስ ማውጫው ቧንቧ አጠገብ ስለሆነ ክንድ ያቃጥላል።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፤ ማንዋል ከሆነ 1ኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ያድርጉት። የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ። በክሪክ ካነሱት በኋላ ክብደቱን በካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ያሳርፉ። ክሪክ ብቻውን ባለበት መኪና ሥር አይገባም። ብሎኬትም አይሆንም፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈርሳል። ድንጋይ ደግሞ ይንሸራተታል። ካቫሌቶ ከሌለ ሥራውን ለሌላ ቀን ያስተላልፉ።

ከፊልትሮው ሥር ሰፋ ያለ ሳፋ ያስቀምጡ። ቆርቆሮውን በሳሙናና በውኃ በራሰ ጨርቅ ጠርገው በደንብ ያድርቁት። ይህችን ትንሽ ሥራ መዝለል ብዙ ሰው ያስቸግራል፤ ቅባት ያለበትን ፊልትሮ የትኛውም መፍቻ በወጉ አይዘውም።

አሁን አቅጣጫውን ያረጋግጡ። የፊልትሮውን ቂጥ ፊት ለፊት እያዩ ከሆነ የሚፈታው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። ከላይ፣ ከኮፋኖው በኩል እጅዎን ሰደው ከያዙት ግን እይታው ስለሚገለበጥ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የሚዞር ይመስላል። “አልፈታም አለ” ከሚባሉት ፊልትሮዎች ጥቂት የማይባሉት ሰው ይበልጥ እያጠበቃቸው ያሉ ናቸው።

በእጅ

ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት፣ 80 ቁጥር ቢሆን ጥሩ፣ ሻካራው ፊት ወደ ቆርቆሮው አድርገው ይጠቅልሉበት። በላዩ ላይ በላስቲክ ጓንት ይያዙትና በዝግታ፣ ሳይለቁ ያዙሩ። ጎሚኒ በድንገተኛ ምት ሳይሆን በማያቋርጥ ጉልበት ነው የምትለቀው። ለ10 ሰከንድ ያህል ወጥረው ይያዙ፤ ትንሽ ያርፉና ይድገሙ።

በፊልትሮ መፍቻ

ከሁሉም የሚሻለው የፊልትሮው ቂጥ ላይ እንደ ኩባያ ተደፍቶ በቡሶላ እጀታ የሚዞረው ነው። ለትናንሽ ቶዮታዎች የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ 14 ጠርዝ ነው። መኪናው ላይ ያለው የሌላ ፋብሪካ ፊልትሮ ከሆነ ግን መጠኑ ሊለይ ስለሚችል፣ አዲሱን ሳይሆን የሚፈታውን ለክተው ይግዙ። ትንሽ ከሰፋ በመካከሉ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ያስገቡ። በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገው መትተው በደንብ ያስቀምጡት፤ ግማሽ ገብቶ ከዞረ ጠርዞቹን ይልጣቸዋል።

ባለ ሦስት ጣቱ መፍቻም ጥሩ ነው፤ በዞረ ቁጥር ጣቶቹ ይበልጥ ይጨብጣሉ። ቆርቆሮውን ትንሽ ያጨማድደዋል፤ የሚጣል ፊልትሮ ስለሆነ ይህ ችግር የለውም።

ባለ ቀበቶ ወይም ባለ ሰንሰለት መፍቻ ካለዎት የሚይዙበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት አፉ አጠገብ ይያዙት። እዚያ ውስጥ ወፍራም የብረት ሳህን ስላለ ቆርቆሮው አይታጠፍም። መሐሉ ላይ ወይም ቂጡ አጠገብ ከያዙት ግን ስስ ስለሆነ እንደ ባዶ ጣሳ ይጨማደዳል፤ አፉም ሳይነቃነቅ ጉልበቱ እዚያው ይቀራል። ቀበቶው ከተንሸራተተ እዚህም የብርጭቆ ወረቀት ከሥሩ ያድርጉ።

ጂራቱቦ (የቧንቧ መፍቻ) የሚገባበት ቦታ ካለ ከዚህ ቀጥሎ ይሞከራል፤ አያያዙም ያው በአፉ አጠገብ ነው። ጥርሱ ቆርቆሮውን ሊበሳ ስለሚችል፣ ወደ እዚህ ደረጃ ሲደርሱ አዲሱ ፊልትሮና አዲሱ ዘይት በእጅዎ መኖራቸውን ያረጋግጡ።

ካቻቢቴ ወግቶ ማዞር

ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው፤ መጨረሻ መሆን የነበረበት ግን ይኸው ነው። ፊልትሮው አንዴ ከተበሳ ሞተሩ መነሳት አይችልም፤ ቢነሳ ዘይቱ በግፊት በቀዳዳው ይረጫል። ከዚህም በላይ ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ካቻቢቴው ሳያዞረው እየቀደደው ሊሄድ ይችላል።

ሌላ መንገድ ከሌለ መጀመሪያ የኮፓውን ቡሎን ፈትተው ዘይቱን ያፍስሱ። ረጅምና ጠንካራ ካቻቢቴ መርጠው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን እስኪወጣ በመዶሻ ይምቱት። ከአፉ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ መሐል ላይ ፊልትሮው የሚጠመዘዝበት ባለ ጥርስ ቱቦ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ከተመታ የጥርሱ ብልሽት ከፊልትሮው ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ወጪ ያመጣል። ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ ይዘው እኩል ያዙሩ። መቅደድ ከጀመረ ወዲያውኑ ያቁሙ።

ቆርቆሮው ተቀድዶ ሳህኑ ብቻ ከቀረ

አይደንግጡ፤ ይህም ይወጣል። የቀረውን ቆርቆሮ በመቀስ ወይም በፒንሳ ያንሱ፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሆነ ወፍራም ጓንት ያድርጉ። ጎሚኒዋ በጎን ከታየች በሹል ነገር እየጎተቱ ቆራርጠው ያውጧት። ሳህኑን ወጥሮ የያዘው የእሷ ግፊት ስለሆነ እሷ ከወጣች ብዙ ጊዜ በእጅ ይዞራል። ካልዞረ የካቻቢቴ ጫፍ በሳህኑ ውጫዊ ጠርዝ ላይ አጋድመው ወደሚፈታበት አቅጣጫ በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱ፤ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን። ካቻቢቴው ወደ ሞተሩ ብረት እንዳያመልጥ ይጠንቀቁ። ጎሚኒዋ የምታርፍበት ያ ፊት ከተቧጨረ አዲሱ ፊልትሮ ዘይት ያንጠባጥባል።

የፕላስቲክ ክዳን ያላቸው

በአንዳንድ ገበያዎች የተሸጡ የኋለኞቹ ኮሮላዎች ውስጡ ብቻ የሚቀየር ፊልትሮ አላቸው። በእነዚህ ላይ ካቻቢቴም ጂራቱቦም አይነካም። ክዳኑ ተመልሶ የሚገጠም ስለሆነ ከተሰነጠቀ ሌላ መግዛት ግድ ነው። ልኩ የሆነውን የኩባያ መፍቻ ብቻ ይጠቀሙ፤ ሲመለስም የሚታሰረው በ25 ኒውተን ሜትር ነው።

ከወጣ በኋላ

አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጠው አፉን ይመልከቱ። ጎሚኒዋ እዚያ ላይ አለች? ከሌለች ከሞተሩ ጋር ተጣብቃ ቀርታለች ማለት ነው። በእሷ ላይ አዲሱ ከተገጠመ ሁለት ጎሚኒ ይደራረባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግፊቱ ያስወጣትና ዘይቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ መሬት ላይ ያልቃል። ሞተር ያለ ዘይት ሲሠራ ይነክሳል፤ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ ማረፊያውን በጨርቅ ጠርገው በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ። ባለ ጥርሱ ቱቦም ከፊልትሮው ጋር ተፈትቶ ወጥቶ እንደሆነ ይዩ፤ ከወጣ አጽድተው ወደ ሞተሩ አጥብቀው ይመልሱት።

አዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ ዘይት በጣት ይቀቡ። ፊልትሮውን በእጅ ብቻ ያዙሩ፤ መጀመሪያ ላይ ከከበደ ጥርሱ ተዛንፏልና መልሰው ይጀምሩ። ጎሚኒዋ ማረፊያዋን ስትነካ ቆርቆሮው ላይ በማርከር ምልክት ያድርጉና ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ይጨምሩ። በቃ። መፍቻ አያስፈልግም። የሚቀጥለው ሰው የሚሰቃየው ወይም በቀላሉ የሚፈታው በዚህች ልክ ነው።

የኮፓው ቡሎን በአብዛኞቹ ቶዮታዎች በ14 መፍቻ ይፈታል፤ በአዲስ ቀለበት በ37 ኒውተን ሜትር ገደማ ይታሰራል። 1.5 ሊትር 1ኤንዜድ ሞተር ያለው ቪትዝ ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ይወስዳል፤ መጀመሪያ 3.5 ጨምረው ቀሪውን በመለኪያ ዘንጉ እያዩ ይሙሉ። ሞተሩን ሲያስነሱ ቀይዋ የዘይት መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋች ወዲያውኑ ያጥፉት። ከጠፋች ሞተሩን ሳያጠፉ ፊልትሮውን በባትሪ መብራት ይመልከቱ፣ ከዚያ አጥፍተው ከ5 ደቂቃ በኋላ ዘይቱን ይለኩ። ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩና በማግስቱ ጠብታ መኖሩን ይዩ።

የተቃጠለውን ዘይት ከነፊልትሮው በጄሪካንና በፌስታል አድርገው በበርሜል ለሚሰበስብ ጋራዥ ወይም ላቫጆ ያስረክቡ፤ ወደ ቦይ አይድፉት።