የግሪክ ተውኔት ለምታስተምሩ፦ ከመዘምራኑ ጀምሩ

ጽሑፉን ከማስነበባችሁ በፊት ልጆቹን ከወንበር አስነሷቸው። እኔ የማስተምረው የካ አባዶ ነው፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ፣ መድረክም የለንም። የሶፎክልስን ተውኔት «አንቲጎኔ»ን ስንጀምር ተመልካቹን ከሜዳው ዳር ዳገቱ ላይ አስቀምጣለሁ፤ የግሪኮቹም ቴአትር ኮረብታ ተደግፎ የሚሠራ ነበር። ሶፎክልስ መዘምራኑን፣ ማለትም በኅብረት እየዘመሩ ታሪኩን የሚያጅቡትን፣ ከ12 ወደ 15 ከፍ አድርጓል፤ ተናጋሪዎቹ ተዋንያን ግን 3 ብቻ ነበሩ። በ18 ልጅ አንድ ቡድን ሞላ ማለት ነው፤ ያለ ሥራ የሚቀመጥ የለም።

ዋናው ነገር፦ የመዘምራኑን ቃል እንደ ሙሾ፣ አንዷ እያወረደች ሌሎቹ እየተቀበሉ ይበሉት። ያኔ ወንድሟን እንዳትቀብር የተከለከለችው የአንቲጎኔ ሐዘን ማብራሪያ አያሻውም። ለቅሶ ቤት ያልተቀመጠ ልጅ የት አለ?

ደግሞ ቀብሩን የከለከለውን ንጉሥ ክሬዎንን የተጫወተው ልጅ በማግስቱ አንቲጎኔን ይሁን። ክርክሩን ከሁለቱም ወገን ሆኖ ሲናገረው ጥያቄው ከራሱ ይመጣል።