ጀልባዋ መልህቋን እየጎተተች ላስቸገረቻችሁ

ጣና ላይ፣ 6 ሜትር የፋይበር ጀልባ፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ ወለሉ ጭቃ። ጠዋት ጸጥ ብላ ትቆማለች፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ወደ ዳር ትነዳለች። መልህቁ ሲወጣ ጥርሱ ላይ ጭቃ የሚባል የለም።

መጀመሪያ የ7 ኪሎው መልህቅ በ12 ኪሎ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ የፕላስቲክ ገመዱ ከ12 ወደ 20 ሜትር ረዘመ፤ ትንሽ ተሻለ፣ ሞገዱ ሲበረታ ግን ያው ሆነ። የፕላስቲክ ገመድ ስለሚንሳፈፍ የመልህቁን ዘንግ ወደ ላይ ያነሳዋል። መልህቅ ደግሞ የሚነክሰው አግድም ሲሳብ ነው።

የሠራው ይኸው፦ መልህቁ ላይ 5 ሜትር ባለ 8 ሚሊ ጋልቫናይዝድ ሰንሰለት፣ ከዚያ 30 ሜትር ባለ 12 ሚሊ ናይሎን። ሰንሰለቱ ዘንጉን መሬት ላይ ያስተኛዋል፤ ናይሎኑ እየተለጠጠ የሞገዱን ምት ያበርዳል። ስሌቱ፦ ጥልቀት 4፣ ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ 1፣ ድምር 5፤ በ7 ሲባዛ 35 ሜትር፤ ይህ ሰንሰለቱና ናይሎኑ አንድ ላይ ነው።

ሰንሰለቱን ከመልህቁ የሚያገናኘውን ማያያዣ ቡሎን በሽቦ እሰሩት። ንዝረቱ ቀስ በቀስ ይፈታዋልና እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። ናይሎኑ ከሰንሰለቱ በሚገናኝበት ዙር ውስጥም የብረት መከላከያ ቀለበት አስገቡ፤ ያለዚያ ተፋትጎ ይበጠሳል።

መልህቁን ጥላችሁ ገመዱን ከለቀቃችሁ በኋላ በሞተሩ ጀልባዋን በቀስታ ወደ ኋላ ንዱና በጎን በኩል ዳር ላይ አንዱ ከሌላው ኋላ ያሉ ሁለት ዛፎችን አስተያዩ። ዛፎቹ እርስ በርስ ካልተላለፉ ይዟል።