በክረምት ልጅ ይዞ ወሎ ለሚሄድ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ስልኬ አያርፍም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆቹ አያታቸውን ይዩ ተብሏል፣ ዶልፊን ሚኒባስ በኮንትራት ይፈለጋል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ክረምት ቤተሰብ ጭኜ ተመላልሼበታለሁ። ሰዉ ይቀያየራል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ለምሳ እንደርሳለን» የሚባለው ነገር ነው። ገና ሰንዳፋን ሳናልፍ አባወራው ስልኩን ያነሳል። «እማዬ፣ ለምሳ ጠብቂን!» ይላል። እንዲህ የተባለች የወሎ እናት ምን እንደምታደርግ እያወቀ! ጎረቤት ትጠራለች። ዶሮው ይታረዳል። ረከቦቱ ይቀርባል። እሷ ግን «ልጆቼ ሳይመጡማ» ብላ እህል አትቀምስም። እኛ በዚያ ሰዓት የት ነን? ደብረ ሲና ቆመን የትንሿን ልጅ ቀሚስ እናጥባለን። ከዚያ ጥድፊያው ይጀምራል። «ሹፌር፣ ትንሽ ንካው እንጂ!» ልጁ ሽንቴ መጣ ሲል «ያዘው፣ ደርሰናል» ይባላል። የምን መድረስ? ገና ሸዋ ሮቢት እኮ ነን። ምሳ ይዘለላል፣ ልጆች ይነጫነጫሉ፣ ባልና ሚስት ይኮራረፋሉ። ሁሉም በአንድ ስልክ የመጣ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። የራሴን ልጆች ይዤ ውጫሌ እናቴ ዘንድ ስሄድ «8 ሰዓት ላይ እንገባለን» አልኳት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ ላይ ናዳ መንገዱን ዘግቶት ቆምን። ውጫሌ የገባነው መሽቶ ነው። እናቴ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ዝናቡ ይወርዳል። ዣንጥላዋ ተጣጥፎ ብብቷ ሥር ነው። «ለምን አልዘረጋሽውም?» ብላት «ልጆቹ ሲወርዱ በደረቁ ላግኘው ብዬ ነዋ» አለች። «አብሽር፣ አሁን ነው የወጣሁት።» ነጠላዋን ስጨምቀው ውኃው ክንዴ ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት አልናገርም። «ዛሬ እንመጣለን» እላለሁ፣ ሐይቅ ከተማ ስደርስ እደውላለሁ።

ልጅን ወተትና እንቁላል አጥግቦ መነሳት ሌላው ነው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣልያን ያስቆፈረው ዋሻ ውስጥ ልጆቹ በደስታ ይጮኻሉ፣ ወዲያው ኩርባው ይጀምርና ዝም ይላሉ። እኔ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ጠዋት ደረቅ ዳቦና ትንሽ ሻይ ይበቃል። ስልክ ላይ አጎንብሰው አይጫወቱ፣ ወደ ፊት ይዩ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እስከዚያ ስለምትወርዱ ጆሮ ይደፈናል። ለሕፃን ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈትለታል። ፌስታል ደግሞ እጃችሁ ላይ ይሁን። አንዷ እናት «ሻንጣ ውስጥ አለ» አለችኝ። ሻንጣው ፖርቶመጋላ ላይ፣ በሸራ ተጠፍሮ። ኮፍያዬን ሰጠኋት። ኮፍያው አልተመለሰም።

ሹራቡም እዚያው ሻንጣ ውስጥ ነው የሚገኘው። ደብረ ብርሃን ይበርዳል፣ ከሚሴ ይሞቃል፣ ደሴ እንደገና ይበርዳል።

ልጅ ታቅፎ ጋቢና መቀመጥ? የለም። ሞተር አላስነሳም።

የራሳችሁን መኪና የምትነዱ፣ ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ። በከባድ (በዝቅተኛው) ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑ ሲሸት ያኔ ረፍዷል። ጭጋግ ከገጠማችሁ ዳር ይዛችሁ መብራት አብርታችሁ ቆዩ፤ አያት ትጠብቃለች። ሳይነጋ አትነሱ፣ ሳይመሽ ግቡ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ጠዋት እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። እሱ «ዛሬ ይቅር» ካለ ይቅር። እኔ ለዚህ ቀብድ እመልሳለሁ።

ዘመዶቻችሁ ቆላ ከሆኑ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ልጅ ካተኮሰው የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የወባ ምርመራ ይደረግለት። ወተቱ ይፈላ። አክስት ቅር ይላታል፣ ግን ይፈላ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጣት እንኳ አይቅመስ።

የከተማ ልጅ ማዕድ ላይ «ይሄ የእስላም ነው የክርስቲያን?» ብሎ ይጮኻል። ቀድማችሁ ንገሩት። የእኛ ቤተሰብ ሁለቱም ነው፤ ድስቱ የተለየው እንግዳው ሳይመጣ ነው። ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ለምትጾም አያት የክሬም ኬክ ይዞ መሄድ አሁንም አለ።

የመልሱ ቀን «ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን» ይባላል። እስቃለሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ ማን ይለቃችኋል? ምርቃቱም አለ። ጎረቤት ደግሞ ጤፉንና ቅቤውን ይዞ ይመጣል። የስንብቱን ቡና ከዋዜማው ማታ ጠጡ፤ ካልሆነ ደብረ ብርሃን ማደር አስቡ። ለዕቃም ቦታ ተዉ።

ዶሮዋን እምቢ አትበሉ፣ ይቀየማሉ። ካርቶን ብሳችሁ አስገቧት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ውኃ ስጧት። ልጆቹ ግን ካራ ቆሬ ሳይደርሱ ስም ያወጡላታል፣ ከዚያ በኋላ ማን ይረዳታል? አንዷ እስካሁን ለገጣፎ እንቁላል ትጥላለች።