ለሕፃን የተፈጨ አትክልት በቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል?

ለሕፃን አትክልት ቀቅሎ መፍጨት ብዙ ሙያ አይጠይቅም፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ «ካሮቱን 15 ደቂቃ ቀቅሉ» ሲል አይመኑት። ላዩ ለስልሶ ውስጡ ጠንክሮ ይቀራል፤ ጠጣር ቅሪት ደግሞ ጥርስ የሌለውን ልጅ ሊያንቅ ይችላል።

የሚጀመረው ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው ነው። እስከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የእናት ጡት ብቻ ነው፤ አያት ለጋ ቅቤ ይዘው ቢመጡ አመስግኖ ማስቀመጥ ነው።

አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሣ ወዲህ የመሐል ከተማ ሰው የሚገዛው ከሾላ፣ ከእሁድ ገበያ ወይም ከሰፈሩ ጉልት ነው። የትም ይግዙ፣ ዱባውን ፊትዎ ያስቆርጡ፤ ተቆርጦ አቧራ ሲጠጣ የዋለውን ይተዉት። ለጅማሬ ዱባ፣ ካሮት፣ ድንች ወይም ስኳር ድንች ይበቃል። በቅጠላ ቅጠል መጀመርን እኔ አልመክርም። ለከተማዋ ከሚቀርበው ከፊሉ በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ ነው፤ ማጠብ ጭቃውን እንጂ ተክሉ ከውሃው የመጠጠውን አያወጣም። ቆስጣና ቀይ ሥር ደግሞ ናይትሬት (ምግቡ ሲያድር ለሕፃን ወደሚጎዳ ነገር ሊለወጥ የሚችል ንጥረ ነገር) ስለሚበዛባቸው ተቀቅለው ማደር የለባቸውም።

እጅዎንና ዕቃውን በሳሙና ይጠቡ። አንድ ካሮትና ሩብ ኪሎ ያህል ዱባ ልጠው፣ የዱባውን ፍሬ ጠርገው አውጥተው፣ ሁለቱንም አድቅቀው ይክተፉ። ካሮቱን በጥቂት ንጹሕ ውሃ ቀድመው ይጣዱት፤ ዱባው ቶሎ ስለሚበስል ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጨመራል። ድስቱን ከድነው መጠነኛ እሳት ላይ ይተዉት። ሰዓት አይቁጠሩ፤ ካሮቱ በሁለት ጣት ሲጫኑት ሙልጭ ብሎ ከፈረሰ በስሏል። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ካለዎት ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥርልዎታል።

ጨውም ስኳርም አይግባበት። ማር ደግሞ 1 ዓመት እስኪሞላው ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም ለተባለ አደገኛ መመረዝ ሊዳርግ ይችላል።

መፍጫው ላይ ይጠንቀቁ። ቃሪያና ሚጥሚጣ የፈጨ ብሌንደር ቢታጠብም ጎማው ውስጥ ማቃጠሉ ይቀራል፤ ሙቀጫም እንዲሁ ነው። የተለየ ዕቃ ከሌለ በሹካ ደፍጥጦ በንጹሕ ወንፊት ማሳለፍ ይሻላል። የተቀቀለበትን ውሃ አይድፉት፤ እያዩ በማንኪያ ይጨምሩበት። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ እንደ ሾርባ ይቀጥንና ትንሿን ሆድ በውሃ ይሞላል። ማንኪያው ሲዘነብል ወዲያው የማይንጠባጠብ ከሆነ ልክ ነው። በመጨረሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ ዱባና ካሮት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መገኛ ያለ ቅባት በደንብ አይዋሐድም። የአያትም ቅቤ ያለ ቅመም ከተነጠረ አሁን ተራው ነው።

በቀን በ2 ወይም 3 ማንኪያ ይጀምሩ፤ አዲስ አትክልት ሲያስለምዱ ሌላ አዲስ ነገር ሳይጨምሩ ጥቂት ቀናት ይጠብቁ፤ ካሮትና ዱባውም የሚቀላቀሉት ሕፃኑ እያንዳንዱን ለየብቻ ከለመደ በኋላ ነው። አትክልት ብቻውን ግን አያሳድግም። ሕፃኑ ሲወለድ ይዞት የመጣው ብረት በዚህ ዕድሜ እየተመናመነ ስለሚሄድ፣ ሳይቆዩ ምስር ክክ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላልና የደቀቀ ሥጋ ይጨምሩበት። ቤተሰቡ ቢጾምም ሕፃን አይጾምም።

የተረፈው ማንኪያ ያልነካው ከሆነ ቶሎ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 2 ቀን ይቆያል፤ በበረዶ መሥሪያ ተከፋፍሎ ከረጋ ደግሞ 1 ወር። ሲሞቅ እስኪተን ድረስ ሞቆ፣ በረድ ብሎ ይሰጥ። ከልጁ ሳህን የተረፈው ይደፋል። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውንም መልሰው በበረዶ መሥሪያ አያርጉት።